የፈተና ውጤትና የተማሪዎች ስብጥር፦ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዴት እናንብባቸው?

በሜሪላንድ ግዛት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ለመከራየት ወይም ለመግዛት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከመኝታ ክፍሎቹ ብዛትና ከወርኃዊ ክፍያው ቀጥሎ የሚያየው የአካባቢውን ትምህርት ቤት ነጥብ ነው። የቤት መፈለጊያ ድረ ገጾች ከእያንዳንዱ ቤት ሥር ከ1 እስከ 10 የሚደርስ ቁጥር ያስቀምጣሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን ወይም በጀርመንታውን የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው የሚማርበት ትምህርት ቤት 3 ወይም 4 ተሰጥቶት ሲያገኙት ይደነግጣሉ፤ አንዳንዶቹም ሁለተኛ ሥራ ጨምረው፣ አቅማቸው ከሚፈቅደው በላይ ኪራይ እየከፈሉ ሀብታሞች ወደሚበዙባቸው ወደ ቤተስዳ ወይም ወደ ፖቶማክ አካባቢ ለመጠጋት ይሞክራሉ። ለልጅ ሲባል የሚከፈል ዋጋ ነውና ሊነቀፉበት አይገባም። ሆኖም ያን ያህል መሥዋዕትነት የሚከፈልበት ቁጥር ምን እንደሚለካ ማወቅ መብታቸው ነው፤ ቁጥሩ ከሁሉ በላይ የሚናገረው መምህራኑ ስላስተማሩት ትምህርት ሳይሆን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ከመርገጣቸው በፊት ስለኖሩት ኑሮ ነውና።

በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየዓመቱ በፀደይ ወራት በእንግሊዝኛና በሒሳብ የግዛቱን ፈተና ይወስዳሉ። ኤምካፕ የሚባለው ይህ ፈተና ከ650 እስከ 850 በሚደርስ መለኪያ የሚታረም ሲሆን፣ 750ና ከዚያ በላይ ያመጣ ልጅ ለክፍሉ የሚጠበቀውን ብቃት አሟልቷል ተብሎ ይመዘገባል። የትምህርት ቤት ስም የሚወጣበት ቁጥር እንግዲህ ከመቶ ተማሪዎች ስንቱ 750 እንደደረሱ የሚገልጸው ነው። በዚህ አቆጣጠር 749 ያመጣ ልጅና 660 ያመጣ ልጅ እኩል ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከክፍል ጓደኞቹ ሁሉ በላይ ተሻሽሎ 745 የደረሰ ልጅም በትምህርት ቤቱ ውጤት ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ማለፊያው ራሱም ከባድ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በመላው ሜሪላንድ ብቃቱን አሟልተዋል የተባሉት በእንግሊዝኛ 48 ከመቶ ገደማ፣ በሒሳብ ደግሞ 24 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በታች ተማሪዎቹን ያሳለፈ ትምህርት ቤት ያየ ወላጅ ከመደንገጡ በፊት፣ የዚያው ክፍል ደረጃ የግዛቱ አማካይ ስንት እንደሆነ ፈልጎ አጠገቡ ሊያስቀምጠው ይገባል።

የስብጥር ጉዳይ ግልጽ የሚሆነው በስሌት ሲታይ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለምሳሌ ያህል እናስብ። በመጀመሪያው ከተማሪዎቹ 80 ከመቶ የሚሆኑት የተሻለ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ናቸው እንበል፤ ከእነዚህ ልጆች 80 ከመቶው ያልፋሉ። የቀሩት 20 ከመቶ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የሚያልፉት 30 ከመቶ ብቻ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ጠቅላላ ውጤት 70 ከመቶ ይሆናል። በሁለተኛው ትምህርት ቤት ስብጥሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተሻለ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡት 20 ከመቶ ብቻ ሆነው 85 ከመቶው ያልፋሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑት 80 ከመቶ ልጆች ደግሞ 40 ከመቶው ያልፋሉ። ጠቅላላ ውጤቱ 49 ከመቶ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ለባለ ደህና ገቢ ልጅም ለድሃው ልጅም ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ በአደባባይ የሚታወቀው በ21 ነጥብ ያነሰ ተብሎ ነው። ወላጅ ልጁን ከዚህ አውጥቶ ወደዚያኛው ቢወስደው፣ ለልጁ የሚበጀውን ያደረገ መስሎት ውጤቱ ወደሚያንስበት ትምህርት ቤት አስገባው ማለት ነው። በገበያው ላይ በጣም የሚታወቀው ደረጃ አውጪ ግሬትስኩልስ እንኳ በ2017 የቁጥሩን አሠራር ቀይሮ፣ ከፈተናው ውጤት ጎን የተማሪዎችን እድገትና በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ማካተት ጀምሯል፤ የቤት ፈላጊው ዓይን የሚያርፈው ግን እስካሁን በአንዲቷ ቁጥር ላይ ነው።

ይህን ነገር ምሁራን ካወቁት ቆይቷል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ትእዛዝ የተካሄደውና በሶሲዮሎጂ ሊቁ ጄምስ ኮልማን የተመራው ጥናት ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን መርምሮ በ1966 ይፋ ሲሆን፣ የተማሪዎችን ውጤት ልዩነት በይበልጥ የሚያብራራው የትምህርት ቤቱ ሕንፃ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ይዞታ ወይም ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ሳይሆን የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል። ከትምህርት ቤት ጋር ከተያያዙት ነገሮች ውስጥ ደግሞ ከፍ ያለ ክብደት ይዞ የተገኘው አብረው የሚማሩት ልጆች ከምን ዓይነት ቤት የመጡ ናቸው የሚለው ነበር። ብዙዎች ሪፖርቱን ትምህርት ቤት ምንም ለውጥ አያመጣም የሚል አድርገው ተረጎሙት፤ ይህ አተረጓጎም ለዐሥርተ ዓመታት ለሰነፍ አስተዳደር መሸሸጊያ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሾን ሪርደን ከ11,000 በላይ የሚሆኑ የትምህርት ወረዳዎችን ውጤት ሰብስቦ ያደረገው ትንተና ነገሩን በሁለት ከፍሎ ያሳየናል። ልጆች በ3ኛ ክፍል የሚያመጡት ውጤት ከወላጆቻቸው ገቢና ትምህርት ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው፤ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባለው ጊዜ የሚያሳዩት እድገት ግን ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቿ ድሆች የሆኑባት ቺካጎ ለዚህ ዋና ማስረጃ ናት። በ2009 እና በ2014 መካከል የነበሩት ተማሪዎቿ በአማካይ ከአገሪቱ እኩዮቻቸው በብዙ ርቀት ወደኋላ ቀርተው ቢጀምሩም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ቀስመዋል። ውጤታቸውን ብቻ ያየ ሰው የከተማዋን ትምህርት ቤቶች ደካማ ይላቸዋል፤ የተጓዙትን መንገድ ያየ ግን ከብዙ ሀብታም ወረዳዎች ይልቅ በእነርሱ ቤት ብዙ ትምህርት እንደተሰጠ ይረዳል።

ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥበት የሪፖርት ካርድ አለው፤ ካርዱ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ሲጀመር በተደነገገው አሠራር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ100ው ነጥብ የፈተናው ውጤት የያዘው 20ውን ብቻ ነበር፤ የተማሪዎች የትምህርት ግስጋሴ 35፣ እንግሊዝኛን በመማር ላይ ያሉ ልጆች በቋንቋው የሚያሳዩት መሻሻል 10፣ መገኘትንና የመሳሰሉትን የያዘው ክፍል 35 ነበራቸው። ስለዚህ ኮከቡን ትቶ ወደ ውስጥ ገብቶ የእድገቱን ክፍል ለብቻው ማንበብ ይቻላል፤ ልጁ ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው የግዛቱ ልጆች ጋር ሲወዳደር የት ደረሰ የሚለውን የሚመልሰው እርሱ ነው። አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለበት። ፈተናው የሚጀምረው በ3ኛ ክፍል ስለሆነ እድገት ሊሰላ የሚችለው ከ4ኛ ክፍል ወዲያ ነው። እስከ 5ኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ማንበብና መቁጠር የሚለመድባቸው የመዋዕለ ሕፃናት፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ዓመታት በእድገቱ ልኬት ውስጥ አይታዩም። ትጉህ የ1ኛ ክፍል መምህርት የሠራችው ሥራ ሁሉ በ3ኛ ክፍል መነሻ ውጤት ውስጥ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

በመገኘት ክፍል ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ በተለይ የሚገባ ነገር አለ። ከትምህርት ቀናት 10 ከመቶውን ያጎደለ ልጅ፣ ምክንያቱ በቂም ይሁን አይሁን፣ ሥር የሰደደ መቅረት ያለበት ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህም በ180 ቀናት ውስጥ 18 ቀን ማለት ነው። ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ሄዶ ከዕረፍቱ በላይ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ቤተሰብ 10 ቀን ያህሉን በአንድ ጉዞ ጨረሰው፤ ቀሪውን ጉንፋንና ትኩሳት ይሞሉታል። ልጅ አያቶቹን ማየቱን የሚተካ ነገር ስለሌለ አትሂዱ ማለት አይቻልም፣ ጉዞው ወደ ሐምሌና ነሐሴው ረጅም ዕረፍት ቢዛወር ግን ልጁም ትምህርት ቤቱም ይጠቀማሉ።

ወደ ስብጥሩ ስንመለስ፣ በካርዱ ላይ ያሉት የቡድን መስመሮች የኢትዮጵያውያንን ልጆች እንዴት እንደሚቆጥሩ መረዳት ያስፈልጋል። በ2002 የጸደቀው ማንም ልጅ ወደኋላ አይቅር የሚለው የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን በዘር፣ በገቢ፣ በቋንቋና በአካል ጉዳት ለይተው እንዲያወጡ አስገደደ፤ በ2015 የተተካው ሕግም ይህን ግዴታ አጽንቶታል። ትልቅ ውለታ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሩ አማካይ ያለው ትምህርት ቤት የድሆችን ልጆች ውድቀት ከአማካዩ ሥር መሸሸግ ይችል ነበር። ሆኖም የኢትዮጵያውያን ልጆች ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ በሚለው መስመር ውስጥ ይገባሉ። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ ለብዙ ትውልድ እዚህ የኖሩ ቤተሰቦች ልጆች፣ ከሄይቲና ከጃማይካ የመጡ፣ ከናይጄሪያና ከካሜሩን የመጡ፣ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የደረሱና እዚሁ ተወልደው አማርኛን ጨርሶ የማይናገሩ ልጆች አብረው አሉ። አማርኛ ከካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ዋና የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ ተናጋሪ ልጆች በሒሳብ የት እንዳሉ የሚያሳይ መስመር በካርዱ ላይ የለም። በመጋቢት 2024 የተሻሻለው የፌዴራል የዘርና የብሔር መረጃ አሰባሰብ ደንብ በጥቁር መደብ ሥር ኢትዮጵያዊ የሚለውን በዝርዝር ምርጫነት አስቀምጧል፤ አሠራሩ በትምህርት ቤቶች መዝገብ ላይ ከደረሰ ዛሬ በግምት የምናወራውን በማስረጃ ልንናገር እንችላለን። ከ10 ተማሪ በታች የሆነ ቡድን ውጤት በሜሪላንድ ካርድ ላይ በ* ምልክት ስለሚሸፈን ግን በትንንሽ ትምህርት ቤቶች ያኔም ቢሆን ብዙ አናይም።

እንግሊዝኛን እየተማሩ ያሉ ልጆች መስመርም ለንባብ ጥንቃቄ ይሻል። ኢሶል በሚባለው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ልጆች በተዘጋጀው የቋንቋ ትምህርት ውስጥ ያለ ልጅ በየዓመቱ የቋንቋ ምዘና ይወስዳል፣ ሲበቃም ከቡድኑ ይወጣል። ቡድኑን የሚተኩት አዲስ የመጡት ናቸው። የተሳካላቸው ሁሉ እየወጡ ያልጀመሩት ብቻ የሚገቡበት ቡድን፣ መምህራኑ የቱንም ያህል ቢደክሙ አማካዩ ዝቅተኛ እንደሆነ ይኖራል። የፌዴራሉ ሕግ ይህን በመረዳት ግዛቶች ቡድኑን የለቀቁ ልጆችን እስከ አራት ዓመት ድረስ አብረው እንዲቆጥሩ ፈቅዷል። ለወላጅ የሚጠቅመው ጥያቄ ከቡድኑ ስንት አለፉ የሚለው ሳይሆን፣ አንድ ልጅ ከኢሶል ለመውጣት በአማካይ ስንት ዓመት ይፈጅበታል የሚለው ነው። ልጃቸው ኢሶል ውስጥ መግባቱን እንደ ዝቅ መደረግ የሚቆጥሩና ቤታችን እንግሊዝኛ ነው የምንናገረው ብለው የቋንቋ ቅጹን የሚሞሉ ወላጆች አሉ፤ ልጁ የሚገባውን ድጋፍ ከማጣት በቀር የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ድህነት በመዝገብ ላይ የሚለካው በምሳ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ለአራት ሰው ቤተሰብ ነፃ ምሳ የሚፈቀደው ዓመታዊ ገቢው 40,560 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ የቅናሽ ምሳ ደግሞ እስከ 57,720 ዶላር ለሆነ ነበር። ይህ ልክ ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር በመላ አገሪቱ አንድ ነው። የቤት ኪራይ ርካሽ በሆነበት የደቡብ ከተማ 60,000 ዶላር የሚያገኝ ቤተሰብ ደህና ሊኖር ይችላል፤ በሲልቨር ስፕሪንግ አባት ታክሲ፣ እናት የመኪና ማቆሚያ ሠርተው ያንኑ 60,000 ቢያገኙ ግን ልጃቸው በመዝገቡ ድሃ አይደለም፣ በኑሮው ግን ድሃ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ድሃ ተማሪ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ያለ ቅጽ ለሁሉም ነፃ ምሳ እንዲሰጡ የሚፈቅደው አሠራር ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተዘርግቷል፤ ለልጆቹ ጥሩ ነገር ቢሆንም ቁጥሩ የቀድሞውን ያህል ሥዕሉን አያሳይም። ቅጹ በሚጠየቅበት ትምህርት ቤት ግን መሙላቱ ከምሳ ያለፈ ነገር አለው። የፌዴራሉ የድሃ ተማሪዎች ድጎማ የሚመደበውና፣ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የሜሪላንድ የትምህርት ማሻሻያ ሕግም ድህነት ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የማኅበረሰብ አስተባባሪና የጤና ባለሙያ የሚመድበው እንዲህ ያለውን ቁጥር እየተመለከተ ነው። በኩራት ወይም ከኢሚግሬሽን ጋር በተያያዘ ፍርሃት ቅጹን የማይመልስ ቤተሰብ በዛ ማለት ትምህርት ቤቱ ከእውነተኛ ሁኔታው የተሻለ መስሎ ይታያል፣ የሚገባውንም አያገኝም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስብጥር ሲነሳ የትምህርት ቤት ጥራት ይቀራል ለማለት የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የተደረገውን ጥናት ሊያውቅ ይገባል። ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮችን የሚገነቡ ባለሀብቶች ከቤቶቹ ከ12 እስከ 15 ከመቶ የሚሆኑትን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ አለው፤ የካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣንም ከእነዚህ ቤቶች እስከ ሲሶ ድረስ ገዝቶ በዝቅተኛ ኪራይ ያከራያል። ቤቶቹ በሀብታም ሰፈርም በድሃ ሰፈርም ተበትነዋል፣ ቤተሰቦቹም የሚመደቡት በዕጣ ነው። ተመራማሪዋ ሄዘር ሽዋርትዝ በ2010 ባወጣችው ጥናት በዚህ ዕጣ የተመደቡ 858 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከ2001 እስከ 2007 ተከታትላለች። ዕጣው ወላጆች ራሳቸው ሰፈር የመረጡበትን ልዩነት ስለሚያስቀር፣ ማስረጃው ከተራ ንጽጽር የበለጠ ክብደት አለው።

በወቅቱ ካውንቲው ድህነት የበዛባቸውን ትምህርት ቤቶች ቀይ ዞን ብሎ ለይቶ ለእነርሱ ተጨማሪ ገንዘብ መድቦ ነበር፤ የክፍል ተማሪ ብዛት እንዲቀንስ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ሙሉ ቀን እንዲሆን፣ መምህራን ተጨማሪ ሥልጠና እንዲያገኙ ተደርጓል። ጥናቱ የጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ እጅግ ተገቢ ነበር፦ ለድሃ ልጅ የሚበልጠው ተጨማሪ ገንዘብ የተመደበለት ድሃ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ያ ገንዘብ የሌለው፣ ድሃ ተማሪ ግን ጥቂት የሆነበት ትምህርት ቤት? መልሱ ሁለተኛው ሆነ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ፣ ድህነት እምብዛም ባልሆነባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩት የድሃ ቤተሰብ ልጆች ድሃ ካልሆኑት የካውንቲው ተማሪዎች ጋር የነበራቸው ልዩነት በሒሳብ በግማሽ፣ በንባብ ደግሞ በሲሶ ጠብቦ ተገኘ።

ይህ ግኝት መጀመሪያ ካነሣሁት ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። በአንድ በኩል የማለፊያ መቶኛ የመምህራንን ሥራ አያሳይም፤ 70 ከመቶ ተማሪዎቹ ነፃ ምሳ የሚበሉበትን ትምህርት ቤት ከቤተስዳ ጋር አወዳድሮ መምህራኑን መውቀስ ግፍ ነው። በሌላ በኩል ድሆች ልጆች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተሰብስበው መማራቸው ራሱ ይጎዳቸዋል፤ ልምድ ያለው መምህር ቶሎ ይለቃል፣ በዓመቱ መካከል የሚገቡና የሚወጡ ልጆች ይበዛሉ፣ አስተዳደሩን ደጋግሞ የሚጠይቅ ወላጅ ያንሳል። መቶኛው ዝቅ ብሎ እድገቱ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ሊመሰገንና ሊጠናከር ይገባዋል። መቶኛውም እድገቱም ዝቅ ያለበት ደግሞ ድህነትን ምክንያት አድርጎ ሊታለፍ አይገባም፣ ልጆቹ ድሆች መሆናቸው ከእድገት የሚያግዳቸው አለመሆኑን ቺካጎ አሳይታለችና። ወላጅ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሲገናኝ፣ ካስፈለገም በአስተርጓሚ፣ ስለ ኮከብ ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት መምህራን እንደለቀቁ፣ የ2ኛ ክፍል ልጆች ንባብ በምን እንደሚመዘንና ወደኋላ የቀረ ልጅ በሳምንት ስንት ጊዜ በትንሽ ቡድን እንደሚማር ቢጠይቅ ስለ ትምህርት ቤቱ የበለጠ ያውቃል።

ከጥናቱ ውስጥ ብዙም የማይወራለት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሀብታሙና በድሃው ትምህርት ቤት በተመደቡት ልጆች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ በሒሳብ ጎልቶ የወጣው በአምስተኛው ዓመት አካባቢ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ኪራያቸው በገቢያቸው ልክ የተወሰነላቸው ቤተሰቦች ሳይነቀሉ በአንድ ቤት፣ ልጆቻቸውም በአንድ ትምህርት ቤት ስለቆዩ ነው። ነጥብ ፍለጋ ከአቅሙ በላይ ኪራይ ገብቶ ውሉ ሲያልቅ ጭማሪውን መቻል አቅቶት የሚለቅ ቤተሰብ ያን አምስት ዓመት አያገኘውም፤ ልጁም በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት፣ ሁለት የሒሳብ መምህርና ሁለት ዓይነት የኢሶል አሠራር ይለዋውጣል። የካውንቲው ምክር ቤት በሐምሌ 2023 ያጸደቀው ደንብ የኪራይ ጭማሪን በዓመት ከ6 ከመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ክርክሩ በአከራይና በተከራይ መካከል ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ተዘግቧል። ደንቡ በተነሣ ቁጥር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያላቸው ወላጆች በምክር ቤቱ አዳራሽ ተገኝተው ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ሊቆዩ እንደቻሉ ሊመሰክሩ ይገባል።